የመርየም ልጅ ዒሳ በሐበሻ ችሎት፦ በአክሱም የተነበበው ሱረቱ መርየምና የዛሬው መምህር

በሐበሻ ምድር የነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት ነገር ቢያንስ ሁለት ጊዜ በንጉሥ ፊት ቀርቦ ተጠይቋል። የመጀመሪያው፣ የመካ ስደተኞች እ.ኤ.አ. ከ615 ጀምሮ ወደ አክሱም ከተሻገሩ በኋላ ቁረይሾች መልእክተኞች ልከው በከሰሷቸው ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ከ1200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ የሰበሰቡት ጉባኤ ነው። በአክሱም ንጉሡ ጠየቁ፤ መልሱንም ሰሙ፤ መልሱ ጳጳሳቱን ባያስደስትም እንግዶቹን በሰላም አኖሩ። በቦሩ ሜዳ ግን በክርስቲያኖች መካከል «ሁለት ልደት» እና «ሦስት ልደት» እየተባለ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ በንጉሥ ውሳኔ ተቆረጠ፤ ከዚያው ጋር የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። እንደ ሸኽ ጦልሓ ጀዕፈር ያሉ ዑለማእ ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ፤ ብዙ ሕዝብም አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

እነዚህ ሁለት ችሎቶች ለመምህርና ለኢማም የሚተዉት ጥያቄ አለ። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በሚኖር ሕዝብ መካከል ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) እንዴት ይነገራል? ይህ ጽሑፍ መልሱን የሚፈልገው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ባነበቡት ሱራ ውስጥ ነው። የነቢዩ ዒሳ የልጅነት ታሪክና ተልእኮ ስለ ማንነታቸው የሚገልጠው ዋና ነገር፣ በአንቀልባ ሳሉ በተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ተጠቃልሏል፤ እርሱም የአላህ ባሪያ መሆናቸው ነው። ይህ ቃል ክብራቸውን የሚያሳንስ አይደለም፤ ክብራቸው ሁሉ የቆመበት መሠረት እንጂ። ጀዕፈር ያደረጉትም ቃሉን ከነክብሩ፣ ክብሩንም ከነቃሉ ማቅረብ ነበር።

ጥያቄው የሚኖርበት ምድር

ጉዳዩ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ መመልከት ይበቃል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጫማ ምድር ነው። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት ሲጠብቅና በየተራ ሲያጭድ ኖሯል። ከደጋው ጠርዝ መሬቱ በስተ ምሥራቅ በገደል ወደ ኤፍራታና ግድም፣ ወደ ቀወትም ቆላ ይወርዳል። ቆላው ጥንት የይፋት ሱልጣኔት የተስፋፋበት አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ የተነሣው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው ነው። የአስበሪና የኖራ የመሳሰሉት ከተሞች ፍርስራሾች ከነመስጊዶቻቸው ዛሬም ይታያሉ። ደጋው ደግሞ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሡት የሸዋ ክርስቲያን ነገሥታት መነሻ ነው።

በገደሉ ላይና ታች የሚኖረው ሰው የመርየምን ልጅ ልደት በሁለት መንገድ ሰምቶ አድጓል። በደጋው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል፤ ይህን ሥርዐት ያጸኑት መናገሻቸውን በደብረ ብርሃን ያደረጉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኀ ጽጌ ደግሞ የእናትና የልጅ ስደት ይዘመራል። በቆላው ሕፃናት በመድረሳና በመስጊድ ሱረቱ መርየምን ይቀራሉ። ሁለቱ ወገኖች በገበያ ይገናኛሉ፤ በለቅሶና በሠርግም ይጠራራሉ። ስለዚህ የቆላው ልጅ ወደ ኡስታዙ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ከጎረቤቱ የሰማው ነው። መልሱም ወደዚያው ጎረቤት ይመለሳል። በቅርብ ዓመታት በዚሁ አካባቢ በሰው ሕይወትና በከተሞች ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚያውቅ መምህር፣ የሚናገረው ቃል ከመስጊዱ ግድግዳ ውጭ እንደሚሰማ ያውቃል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ስደተኞች ስለ ስደተኛ እናት አነበቡ

የአክሱሙን ችሎት የተረከችልን እማኝ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው ከስደተኞቹ አንዷ ነበሩ፤ ዘገባቸውም በኢብን ኢስሐቅ ሲራና በኢማም አሕመድ ሙስነድ ይገኛል። ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል-ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን የቆዳ እጅ መንሻ አሲዘው ላኩ። ነጃሺ ግን ሌላውን ወገን ሳይሰሙ አልፈርድም አሉ። ጀዕፈር (ረ.ዐ.) በመጀመሪያ የተናገሩት ስለ ዒሳ አልነበረም። ጣዖት ስናመልክ፣ ዝምድና ስንቆርጥ፣ ጎረቤትን ስንበድል ኖርን፤ አላህ ከመካከላችን መልእክተኛ ላከልን፤ እርሱም እውነትን እንድንናገር፣ አደራን እንድንጠብቅ፣ ለጎረቤት መልካም እንድንሆን አዘዘን የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። ንጉሡ ከወረደላችሁ ጥቂት አሰማኝ ባሉ ጊዜ የሱረቱ መርየምን መክፈቻ ክፍል አነበቡ። ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ፤ ጳጳሳቱም በእጃቸው የያዟቸው መጻሕፍት እስኪርሱ አለቀሱ። ነጃሺም ይህና ዒሳ ያመጡት ከአንድ የብርሃን ምንጭ የወጡ ናቸው ብለው መሰከሩ።

ለምን ይህ ሱራ ተመረጠ? 98 አንቀጾች ያሉት ሱረቱ መርየም በመካ የወረደ ነው። ሲጀምር የሚያሳየን ሽማግሌው ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) በድብቅ ጌታቸውን ሲለምኑ ነው፤ ቀጥሎ የሕያ (ዐ.ሰ.) ይወለዳሉ፤ ከዚያም መርየም (ዐ.ሰ.) ከቤተሰባቸው ተለይተው ወደ ሩቅ ስፍራ ይሄዳሉ። ምጥ ወደ ዘምባባ ግንድ ያስጠጋቸዋል፤ ከዚህ በፊት ሞቼ በሆነ ኖሮ እስኪሉ ድረስ ይጨነቃሉ፤ ከሥራቸው ውኃ ይፈልቃል፤ ከላያቸው እሸት ተምር ይረግፋል (19፡22–26)። ይህን የሚያነቡት አገራቸውን ጥለው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ነበሩ። ስደተኞች፣ ከሰው ተለይታ አላህን ብቻ መጠጊያ ስላደረገች እናት አነበቡ። በሱረቱ አል-ሙእሚኑን (23፡50) አላህ እናትና ልጁን ማረፊያና የሚፈስ ውኃ ባለው ከፍተኛ ስፍራ እንዳስጠጋቸው ይነገራል። ሙፈሲሮች ስፍራው ኢየሩሳሌም ነው፣ ደማስቆ ነው፣ ረምላ ነው፣ ግብፅ ነው ሲሉ ይለያያሉ። በአንዱ ነገር ግን ልዩነት የለም፤ ነቢዩ ዒሳ ወደዚህ ዓለም የመጡት በሌላው ጥበቃ ሥር ሆነው ነው። የልጅነታቸው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ ጠባቂያቸው አላህ ነው፤ እርሳቸውም ከነእናታቸው የተጠበቁ ናቸው።

በአንቀልባ የተነገረው ቃል

መርየም ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ወገኖቻቸው ሲመለሱ ነቀፋ ይቀበላቸዋል። እርሳቸውም ዝም ብለው ወደ ሕፃኑ ያመለክታሉ። ሕፃኑ ዒሳ የእናታቸውን ንጽሕና ለመመስከር አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የመጀመሪያው ቃላቸው ስለ ራሳቸው ነው፤ የአላህ ባሪያ መሆናቸውን ይናገራሉ። ከዚያ መጽሐፍ እንደተሰጣቸው፣ ነቢይ እንደተደረጉ፣ በሄዱበት ሁሉ የተባረኩ እንደሆኑ፣ በሕይወት እስካሉ በሶላትና በዘካ እንደታዘዙ፣ ለእናታቸው በጎ ሠሪ እንደሆኑ፣ ትዕቢተኛና ዕድለ ቢስ እንዳልተደረጉ ይዘረዝራሉ (19፡30–33)። የተሰጠን ነገር የሚዘረዝር፣ የሰጪውን ስም አስቀድሞ ይጠራል። ዝርዝሩ ሁሉ በባሪያነት የተጀመረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪ ሊታይ የሚገባ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከጥቂት አንቀጾች በፊት ስለ የሕያ (ዐ.ሰ.) ሲነገር ለሁለቱም ወላጆቻቸው በጎ ሠሪ እንደነበሩ ተገልጿል (19፡14)። ዒሳ (ዐ.ሰ.) ግን ለእናታቸው ብቻ ይላሉ (19፡32)። ቁርኣን ያለ አባት መወለዳቸውን በአንድ ቃል ለውጥ አጽንቶታል። ያም ልደት አምላክነትን እንደማያስከትል በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡59) በአደም (ዐ.ሰ.) ምሳሌ ተብራርቷል፤ አባትም እናትም ያልነበራቸው አደም ከዐፈር የተፈጠሩ የአላህ ፍጥረት ናቸውና። ስለዚህ ልደቱ ተአምር ነው፤ ተአምሩም የሚያመለክተው ወደ ፈጣሪው ነው።

በጥንቱ መካከለኛው ምሥራቅ ስለ ሕፃኑ ዒሳ በሰፊው ይተረኩ ከነበሩ ታሪኮች አንዳንዶቹ፣ ሕፃኑ ያስቀየሙትን ልጆች በቃሉ ሲቀጣ ያሳያሉ። አራቱ የክርስቲያን ወንጌሎች እነዚህን ታሪኮች አልተቀበሏቸውም። ቁርኣንም ሕፃኑ ትዕቢተኛ እንዳልተደረጉ በራሳቸው አንደበት በማስነገር እንዲህ ላለው ምስል ቦታ አልተወም። ይህን ለሚያስተምር መምህር ክርክር ሳያስፈልገው ከጎረቤቱ ጋር የሚስማማበት ነጥብ ነው።

ተልእኮውና «በአላህ ፈቃድ» የሚለው ማሰሪያ

የነቢዩ ዒሳ ተልእኮ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡48–51) በግልጽ ተቀምጧል። የተላኩት ወደ እስራኤል ልጆች ነው። ከፊታቸው የነበረውን ተውራት ያረጋግጣሉ፤ እርም ተደርጎባቸው ከነበረውም ከፊሉን ይፈቅዱላቸዋል፤ ጥሪያቸውም አላህ የእርሳቸውና የሕዝባቸው ጌታ መሆኑና እርሱን ብቻ እንዲገዙ ነው። ምልክቶቻቸው ከጭቃ የወፍ ቅርጽ ሠርተው እፍ ሲሉበት ወፍ መሆኑ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውንና ለምጻሙን መፈወሳቸው፣ ሙታንን ማስነሣታቸው ናቸው።

የጭቃው ወፍ ታሪክ በግእዙ ተአምረ ኢየሱስም ይገኛል፤ ያም መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። በመንዝ ደጋ ያለ ካህንና በቆላው ያለ ሸኽ ስለ ጭቃው ወፍ ሲነጋገሩ አንዱ ሌላውን ማስረዳት አያሻውም። ልዩነቱ ያለው ድርጊቱ በታሰረበት ቃል ላይ ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 49ኛው አንቀጽ «በአላህ ፈቃድ» የሚለው ሁለት ጊዜ ይመጣል። በሱረቱ አል-ማኢዳህ 110ኛው አንቀጽ ደግሞ ተናጋሪው አላህ ራሱ ሆኖ «በፈቃዴ» የሚለው አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ ቅርጹ ሲሠራ፣ ወፍ ሲሆን፣ ሕሙማን ሲፈወሱ፣ ሙታን ሲወጡ። ተአምሩ በትልቅነቱ ልክ ማሰሪያው ይጠብቃል። በአንቀልባ የተነገረው ባሪያነት በአገልግሎቱ ዘመን የተፈጸመው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ጋር የሐበሻ አንባቢ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ የቋንቋ ነገር አለ። የዒሳን ተልእኮ ከሚሸከሙት የቁርኣን ቃላት ሦስቱ፣ ማለትም ኢንጂል፣ ሐዋሪዩን እና ማኢዳህ፣ በግእዝ ወንጌል፣ ሐዋርያ እና ማእድ ከሚሉት ጋር ዝምድና እንዳላቸው ኖልደከን የመሳሰሉ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት አሳይተዋል። ሐዋርያ «ሖረ» ማለትም ሄደ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን የተላከ ማለት ነው። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ግን ሐዋሪዩን የሚለውን ከንጣት ጋር ያያይዙታል። በቁርኣን ውስጥ የባዕድ ቃል አለን? የሚለው ጥያቄ በዑለማእ ዘንድ የቆየ ነው። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ሁሉም ዐረብኛ ነው ብለዋል። አጥ-ጦበሪ የቋንቋዎች መገጣጠም ነው ይላሉ። አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብን ሰላም ደግሞ ቃላቱ መነሻቸው ከውጭ ቢሆንም ዐረቦች ተጠቅመውባቸው ዐረብኛ ከሆኑ በኋላ ቁርኣን እንደወረደ በመግለጽ ሁለቱን ወገኖች አስታርቀዋል። አስ-ሱዩጢም ከሐበሻ ቋንቋ ጋር የሚያያዙትን ቃላት ሰብስበው ጽፈዋል።

ከእነዚህ አስተያየቶች የትኛውም ቢያዝ፣ መጽሐፉ፣ ተከታዮቹና ከሰማይ የወረደው ማእድ በሁለቱም ማኅበረሰብ አንደበት የቅርብ ቃላት ናቸው። በመንዝ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ሲፈታ የሚጠራው ስም፣ በቁርኣን ለዒሳ የአላህ ረዳቶች ነን ብለው የመለሱት ሰዎች ስም ነው (3፡52)። ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ሲያዘጋጁ «ሐዋርያት» እና «ማእድ» የሚሉትን ቃላት ከመጠቀም አልተቆጠቡም። ቃሉን ከጎረቤት መሸሽ አላስፈለጋቸውም፤ ትርጉሙን በአንቀጹ ዐውድ አጸኑት እንጂ።

ሁለተኛው ቀን፦ ያልተደበቀው ልዩነት

የአክሱሙ ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ቢቆም ኖሮ ሰዎች ስለ አብሮ መኖር ለመናገር ብቻ ይጠቅሱት ነበር። በማግስቱ ግን ዐምር ኢብን አል-ዓስ ተመልሰው፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ፤ ባሪያ ነው ይላሉ ሲሉ ለንጉሡ ነገሩ። ኡሙ ሰለማ ያን ያህል የከበደ ነገር ገጥሟቸው እንደማያውቅ ይናገራሉ። ስደተኞቹ ተመካከሩ፤ ነቢያችን ያስተማሩንን እንናገራለን፤ የሚሆነው ይሁን አሉ። ጀዕፈርም (ረ.ዐ.) ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሏ መርየም የጣለው ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ናቸው ሲሉ መለሱ። ነጃሺ ከመሬት ጭራሮ አንሥተው፣ ዒሳ ከተናገርከው በዚህች ጭራሮ ልክ እንኳ አያልፉም አሉ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ለስደተኞቹ የሰጡትን ደኅንነት አልነሡም፤ የቁረይሽንም እጅ መንሻ መለሱ።

የሱረቱ መርየም አደራደር ራሱ ይህን ሁለት ቀን ይመስላል። የሱራው አንቀጾች እስከ 33ኛው ድረስ በአንድ ዐይነት ድምፅ እየተዘጉ ታሪኩን ያወርዳሉ። ከ34ኛው እስከ 40ኛው ግን የአንቀጾቹ መዝጊያ ድምፅ ይለወጣል፤ ተራኪው ያቆምና ሰዎች ስለሚለያዩበት ነገር ፍርድ ይሰጣል፤ አላህ ልጅ ሊይዝ አይገባውም። ከ41ኛው ጀምሮ የቀድሞው ድምፅ ይመለሳል። ታሪኩ ቀድሞ ፍርዱ ይከተላል። ሰሚው መርየምን በጭንቃቸው ሳያይ፣ ሕፃኑንም ሲናገሩ ሳይሰማ ወደ ክርክሩ አይገባም።

ከኢማም ቡኻሪና ከኢማም ሙስሊም ዘገባዎች ሁለቱ ይህን ሚዛን ያጠናክራሉ። ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ያዩትን፣ ማሪያ የተባለችውን ሥዕሎች ያሉባትን ቤተ ክርስቲያን ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረዋል። ነቢዩም በመቃብር ላይ የአምልኮ ስፍራ የመሥራትንና ሥዕል የመሣልን ልማድ በግልጽ ነቅፈዋል። እኚሁ ነቢይ ከሰው ሁሉ ለመርየም ልጅ የሚቀርቡት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ነቢያትም ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ የአንድ አባት ልጆች እንደሚመስሉ ተናግረዋል። ነጃሺ በሞቱ ጊዜም በመዲና ሳሉ የጀናዛ ሶላት ሰግደውላቸዋል። ድንበሩን ማስቀመጥና ውለታን አለመርሳት በአንድ ሰው ሕይወት አብረው ኖረዋል።

ለሚያስተምሩ

ከዚህ ሁሉ ለማስተማሪያ ክፍልና ለሚንበር የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው። አንዳንድ መምህራን ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) የሚናገሩት ለክርክር ሲጋበዙ ብቻ ነው፤ ተማሪያቸው «ባሪያ ናቸው፣ አምላክ አይደሉም» የሚለውን ይዞ ይወጣል። የዘምባባዋን፣ የእናታቸውን ዝምታ፣ በአንቀልባ የተናገሩትን፣ ቃልና መንፈስ የተባሉበትን ግን አያውቅም። እንዲህ ያለው ተማሪ ዒማኑን የሚያውቀው በመካድ በኩል ብቻ ነው፤ የሚክደውንም በስድብ ለመግለጽ ይፈጥናል። ሌሎች ደግሞ ለጎረቤት ስሜት ሲሉ «ባሪያ» የሚለውን ቃል ይዘሉታል። ጀዕፈር በሕይወታቸው ላይ አደጋ ባንዣበበበት ሰዓት ያልዘለሉትን ቃል፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ይዘሉታል። ሁለቱም የሱራውን አንድ ግማሽ ጥለዋል።

ስለዚህ መምህሩ በሱረቱ መርየም 16ኛ አንቀጽ ጀምሮ እስከ 36ኛው ድረስ ሳይቆርጥ ያስተምር። ለእናት በጎ መዋል የነቢዩ ዒሳ የመጀመሪያ ምስክርነት ክፍል መሆኑን ያሳይ፤ ልጆችም ይህን በቤታቸው እንዲያደርጉ ይዘዝ። «በአላህ ፈቃድ» የሚለውን ማሰሪያ በየተአምሩ ላይ ያስቆጥራቸው። ስለ ልዩነቱ በተጠየቀ ጊዜ በሱረቱ አል-ዐንከቡት (29፡46) እንደታዘዘው በመልካሚቱ መንገድ ይመልስ፤ ጎረቤት የሚያከብረውንም በንቀት ስም አይጥራ። የቦሩ ሜዳ ታሪክ ያስተማረን፣ የልደት ነገር በዐዋጅ ሲወሰን የሚገኘው ስደትና የማይሽር ቂም እንደሆነ ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን የተፈጸመው በሌላው እንዳይደገም መጠበቅ የመምህሩ አደራ ነው።

ጀዕፈር (ረ.ዐ.) በአክሱም የቆዩት እስከ ሂጅራ ሰባተኛው ዓመት ነበር። በማግስቱ የሰጡት መልስ ጳጳሳቱን አስከፍቶ ሳለ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከእነዚሁ ሰዎች ጋር በአንድ አገር ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም በዚያ ተወልደዋል። ኡሙ ሰለማ ያን ዘመን በመልካም ጎረቤት ዘንድ የኖርንበት ብለው አስታውሰውታል።